ኳሷ ማንን ትሰማለች?

ባባ ዋትሰን ፊት ለፊቱ የሚታየው ግንድና ሰው ብቻ ነበር። ጉድጓዱና ባንዲራው ያሉበት ግሪን ከቆመበት ከ140 ሜትር በላይ ርቆ፣ በስተቀኝ ከዛፎቹ ጀርባ ተሸሽጓል። እግሩ ሥር የረገፈ የጥድ ቅጠል ተነጥፏል። ጊዜው እሑድ ኤፕሪል 8 ቀን 2012፣ ቦታው አሜሪካ ጆርጂያ የሚገኘው የኦገስታ ናሽናል ሜዳ፣ ውድድሩም ማስተርስ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ)። ዋትሰንና ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ኡስትሄይዘን አራቱን ቀን በእኩል ውጤት ጨርሰው በመለያው ሁለተኛ ጉድጓድ ላይ ደርሰዋል። የሁለቱም የመጀመሪያ ምት ወደ ቀኝ ተበላሽቶ ነበር፤ የዋትሰን ግን ጭራሹን ጫካ ገባ።

ዋትሰን ግራኝ ነው። ከቦርሳው ያወጣው ባለ 52 ዲግሪ ዌጅ፣ ኳስን ሽቅብ አንስቶ አጠገብ ለመጣል የሚያገለግል አጭር ዱላ ነበር። ኳሷ ከቅርንጫፎቹ ሥር ዝቅ ብላ በጠባቧ ክፍተት ወጣች፤ ሜዳው ላይ ስትደርስ ከፍ እያለች ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ወደ 40 ያርድ ያህል ታጥፋም ግሪኑ ላይ ዐረፈች። ሁለት ጊዜ ገፍቶ ጉድጓድ ከተታት። ኡስትሄይዘን አንድ ምት ተጨማሪ ስለወሰደበት የአሸናፊው አረንጓዴ ኮት የዋትሰን ሆነ።

ስለ ቀጥተኛ ምት ልጽፍ ተነሥቼ በዚህ ቆልማማ ምት የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ኳስን ይህን ያህል አጥፎ የፈለገበት የሚያሳርፍ ሰው፣ ኳስን ቀጥ የሚያደርጋት ምን እንደሆነም ያውቃል። በቃል ማስረዳት ቢያቅተው እንኳ እጁ ያውቀዋል። ዋትሰን ደግሞ የጎልፍ ትምህርት ተምሮ እንደማያውቅ በአደባባይ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ያለመማሩ ሳይጠቅመው አልቀረም። ለብዙ አሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሲታተም የኖረውን ትእዛዝ ቃል በቃል ፈጽሞ ቢሆን ኖሮ፣ ኳሷ የመጀመሪያውን ግንድ ገጭታ እግሩ ሥር ትመለስ ነበር።

ትእዛዙ ምን ይል ነበር? ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንለይ። የዱላው ራስ ኳሷን ሲነካ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተጓዘ ነው፤ ወደ ዒላማው፣ ወደ ግራው ወይም ወደ ቀኙ። ይህን መንገድ እንበለው። በዚያችው ቅጽበት ኳሷን የሚነካው ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ ወደ አንድ ቦታ ይመለከታል። ይህ ፊቱ ነው። መንገዱና ፊቱ የግድ አይስማሙም። ራሱ ወደ ግራ እየተጓዘ ፊቱ ወደ ቀኝ ሊያይ ይችላል፤ እንዲያውም በዓለም ላይ ከሚመቱት የጀማሪ ምቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

የድሮው ትምህርት ታዲያ ሥራውን እንዲህ አከፋፈለ፦ ኳሷ የምትነሣው በመንገዱ አቅጣጫ ነው፤ ከዚያ በአየር ላይ ታጥፋ ፊቱ ወደሚያይበት ትሄዳለች። ስለዚህ ዛፍ ከፊትህ ካለ ፊቱን ወደ ባንዲራው አዙር፣ ዱላውን ግን በዛፉ ጎን ወዳለው ክፍተት ወዝውዝ። በወረቀት ላይ ያምራል። ኳሷ ግን ወረቀቱን አላነበበችም።

እውነቱ የተገላቢጦሹ ነው ማለት ይቻላል። ኳሷ የምትነሣበትን አቅጣጫ በዋነኛነት የሚወስነው ፊቱ ነው። በረጅሙ ዱላ በድራይቨር የፊቱ ድርሻ 85 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አጠር ባሉት ዱላዎች በአይረኖቹ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ለመንገዱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የመንገዱ ኃይል የሚታየው ኋላ ነው፤ ኳሷ የምትታጠፈው ከመንገዱ በተቃራኒ፣ ፊቱ ባዘነበለበት ወገን ነው። መንገዱ ወደ ግራ፣ ፊቱም ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ፊቱና መንገዱ አንድ ላይ ከገጠሙና ኳሷ በፊቱ መሐል ከተመታች የምትታጠፍበት ምክንያት የላትም። ፊቱን ወደ ባንዲራው አዙሮ በዛፉ ጎን የወዘወዘ ሰው እንግዲህ ኳሷን የላካት በቀጥታ ወደ ዛፉ ነው። ዋትሰን ያደረገው ሌላ ነው፦ ፊቱን ወደ ክፍተቱ፣ ዱላውን ደግሞ ከክፍተቱም አሳልፎ ወደ ግራ።

ስሕተቱ ለምን ያን ያህል ዘመን ኖረ? አንደኛው ምክንያት የግጭቱ ዕድሜ ነው። ዱላና ኳስ ተነካክተው የሚቆዩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ነው። በዚያ ውስጥ የዱላው ራስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ ኳሷ የለችም። ይህን የሚያይ ዓይን አልተፈጠረም፣ የሚያርም እጅም እንዲሁ። ሁለተኛው ምክንያት የሚያስቀው ነው። ታላላቆቹ ተጫዋቾች በሺዎች የሚቆጠር ኳስ መትተው እጃቸው እውነቱን ተምሯል፤ ሲያስተምሩ ግን አፋቸው የሰማውን ይደግም ነበር። አንድ ሰው በትክክል እየሠራ የሚሠራውን በስሕተት ሊያስረዳ መቻሉ ከጎልፍ ውጭም የምናውቀው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ዋጋውን የከፈለው ተማሪው ነበር።

የሳይንስ ሰዎች ዝም አላሉም። በ1968 አለስተር ኮክራንና ጆን ስቶብስ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በምቱ ላይ ያደረጉትን ሰፊ ጥናት በመጽሐፍ አወጡ። በ1990ዎቹ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት ውስጥ የሠራው የኔብራስካው የፊዚክስ ሊቅ ቴዎዶር ዮርገንሰን፣ የጎልፍን ፊዚክስ በሚተነትነው መጽሐፉ የመንገዱንና የፊቱን ግንኙነት በጂኦሜትሪ አስቀመጠው። መጽሐፉ ቀመር የበዛበት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት የሚሰጠው አስተማሪም ቀመር አያነብም። ክርክሩን የዘጋው መሣሪያ ነው። በ2003 በዴንማርክ የኤልድሩፕ-ዮርገንሰን ወንድማማቾች፣ ክላውስና ሞርተን፣ ከኢንጂነር ፍሬድሪክ ቱክሰን ጋር ትራክማን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ቱክሰን ቀድሞ የሚያውቀው የተተኮሰ ነገርን በአየር ላይ የሚከተል ራዳር ነበር። ራዳሩን ከጎልፍ ተጫዋች ኋላ አስቀመጡት። የሚላከው ሞገድ ከምትበረው ኳስ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ከለውጡ ፍጥነት፣ አቅጣጫና ሽክርክሪት ይሰላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አስተማሪዎች የዱላው መንገድና ፊት ከኳሷ በረራ ጎን በዲግሪ ተጽፎ ሲያዩ፣ የድሮው ትእዛዝ ከቁጥሩ ጋር አልገጥም አለ። አንዳንዶቹ ከማሽኑ ጋር ተጣሉ። ቁጥሩ ግን አልተለወጠም።

አሁን ወደ መታጠፉ እንምጣ፤ ከዚህ ጨዋታ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ኳሷ ሁለት ሽክርክሪት አላት ብሎ ያስባል፦ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ጎን። አንዲት ኳስ ግን በአንድ ጊዜ የምትሽከረከረው በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ ነው። የጎልፍ ዱላ ፊት ሽቅብ የተጋደመ ስለሆነ ኳሷ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትነሣለች፤ ላይዋ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጎድጓዶችም አየሩን ይዘው ወደ ታች ይመልሱትና እሷን ሽቅብ ያነሷታል። ፊቱና መንገዱ ሲስማሙ የሽክርክሪቱ ዘንግ ለጥ ያለ ነው፤ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። ሳይስማሙ ሲቀሩ ዘንጉ ያዘነብላል። ጉልቻው ያዘመመ ምጣድ ላይ ሊጥ ወደ ዘመመበት እንደሚሮጥ፣ ኳሷም ወደዚያው ትሄዳለች። ከጎን የሚገፋት ሌላ ኃይል የለም።

ዘንጉ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስነው የፊቱና የመንገዱ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ሎፍቱም፣ ማለትም ፊቱ ሽቅብ የተጋደመበት ማዕዘን አለበት። በመንገዱና በፊቱ መካከል የ3 ዲግሪ ልዩነት ይኑር እንበል። በድራይቨር፣ ሎፍቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ዘንጉ ወደ 11 ዲግሪ ያጋድላል። በዘጠኝ ቁጥር አይረን ያው 3 ዲግሪ የሚያመጣው 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጥፋቱ አንድ ሆኖ ቅጣቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው። «በአይረን ቀጥ አድርጌ እመታለሁ፣ ድራይቨር ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ» የሚል ሰው እንግዲህ ብዙ ጊዜ ራሱን እያታለለ ነው። በሁለቱም የሚወዘውዘው አንድ ሊሆን ይችላል፤ አይረኑ ገመናውን ይሸፍንለታል እንጂ። የዋትሰን ምት የሚያስደንቀውም ለዚህ ነው። ባለ 52 ዲግሪ ዌጅን 40 ያርድ ለማጠፍ እጁን ከኳሷ ፊት አስቀድሞ ሎፍቱን መግደል፣ ከዚያም በፊቱና በመንገዱ መካከል ትልቅ ልዩነት መፍጠር ነበረበት።

አየሩ ራሱም ድርሻ አለው። ከ2017 እስከ 2020 የዓለም ምርጦች በየዓመቱ በሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ በሚገኘው የቻፑልቴፔክ ሜዳ ይወዳደሩ ነበር። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ኳሷ ትርቃለች፣ የምትታጠፈው ግን ያነሰ ነው፤ የሚያጥፋት አየሩ ነዋ። አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ላይ ጨዋታውን ለምዶ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ምቱ እንደተበላሸ ቢሰማው አይደነቅ። ጥንትም ታጥፎ የነበረውን አሁን አየሩ አጋለጠበት።

ይህ ሁሉ በተግባር ሲተረጎም ምን እንደሚመስል ያየሁት በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የሕዝብ መለማመጃ ሜዳ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ረጅም የሰው ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ ባልዲ ኳስ። ከመጨረሻዎቹ ምንጣፎች በአንዱ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ አባትና ትምህርቱን የሚሰጣቸው ወጣት ቆመዋል፤ ሁለቱም የአገር ልጆች ናቸው። ጋሼ በቀኝ እጅ ይጫወታሉ፤ ችግራቸውም ስላይስ የሚባለው፣ ኳሷ በጣም ወደ ቀኝ የምትታጠፍበት የብዙኃኑ ሕመም ነው።

አንድ መቱ። ኳሷ ወደ ቀኝ ሄዳ አጥሩ ጥግ ወደቀች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ወዴት ወጣች?» አለ ወጣቱ።

«ወደ ቀኝ ነዋ! አታይም እንዴ? ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው።»

«የወደቀችበትን አይደለም የጠየቅሁዎ፤ የተነሣችበትን ነው። እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙ። በዚህኛው ጋሼ ዓይናቸውን ከኳሷ አልነቀሉም። ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ተነሣች፤ ከዚያ መሐል ላይ ተገለበጠች። ዝም ብለው ጥቂት ቆዩ።

«ወደ ግራ ነው የወጣችው» አሉ በመጨረሻ፣ ሰው የሰደባቸው ያህል ቅር ብሏቸው።

የጎልፍ ምት ምርመራ በሙሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ራዳር አያስፈልግም፤ በፊቱ መሐል ለተመታች ኳስ መነሻዋን ያየ ፊቱን አየ፣ መታጠፏን ያየ ደግሞ መንገዱ ከፊቱ በየት በኩል እንደነበር አወቀ። የጋሼ ኳስ ትንሽ ወደ ግራ ተነሥታ ወደ ቀኝ ከታጠፈች፣ ፊቱ ትንሽ ወደ ግራ፣ መንገዱ ግን እጅግ ወደ ግራ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው፦ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ያየ ሰው እሷን ለመመለስ ወደ ግራ ይወዘውዛል። ልዩነቱ ይሰፋል፣ መታጠፉ ይብሳል፣ እሱም ይበልጥ ወደ ግራ ይወዘውዛል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች አሉ።

ወጣቱ ባዶውን ባልዲ አንሥቶ ከኳሷ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀመጠው። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ግራ፣ ከመጣ ባልዲውን ይመታዋል። ጋሼ ሁለቴ ባልዲውን መቱት፤ የአጠገባቸው ሰዎች ዘወር ብለው አዩ። ቀጥሎ ግን ዱላው ባልዲውን ሳይነካ አለፈ። ኳሷም በቀጥታ ወደ ቀኝ ተነሥታ፣ ከዚያም አልፋ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

«አሁንማ ባሰበት! አንተ ልጅ፣ ጭራሽ ልታጠፋኝ ነው!»

«ተሻሻለ እንጂ ጋሼ! መንገዱ ተስተካክሏል። አሁን የቀረን ፊቱ ብቻ ነው።»

ብዙ ሰው ትምህርቱን የሚያቋርጠው እዚህች ላይ ይመስለኛል። መንገዱ ሲስተካከል፣ እስከ ዛሬ በመንገዱ ጥፋት ተሸፍኖ የኖረው የፊቱ ጥፋት ይወጣል። ጋሼ ድሮ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ የከፈቱት ፊት ወደ ግራ ከሚሄደው መንገድ ጋር ተደምሮ ቢያንስ ኳሷን ሜዳ ውስጥ ያስቀርላቸው ነበር፤ ሁለት ስሕተቶች ተቻችለው ይኖሩ ነበር። አንዱ ሲነሣ ሌላው ብቻውን ቀረ። ወጣቱ ወደ አያያዛቸው ዞረ። የግራ እጃቸውን ወደ ቀኝ አሽከረከረላቸው፤ ቁልቁል ሲያዩ ሁለት የጣት አንጓ እንዲታያቸው። ዱላ ላይ እጅ ወደ ቀኝ ዞሮ ከተያዘ፣ በምቱ ጊዜ እጅ ወደ ተፈጥሮው ሲመለስ ፊቱ ይዘጋል። ለፊት ከዚህ የቀለለ መድኃኒት የለም፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስጠላም የለም፤ አዲስ አያያዝ ለሳምንታት የሰው እጅ እንጂ የራስ አይመስልም።

ሦስተኛ ነገርም ነበር። ወጣቱ ከቦርሳው የእግር ላብ የሚያደርቅ ነጭ ስፕሬይ አውጥቶ የዱላውን ፊት ነፋበት። የተመታችው ኳስ በነጩ ላይ ክብ ምልክት ትታ ትሄዳለች። የጋሼ ምልክቶች አብዛኞቹ የዱላው ዘንግ ከዱላው ራስ ጋር ወደሚገጥምበት ተረከዝ ያደሉ ነበሩ። በድራይቨር ይህ ብቻውን ኳሷን ወደ ቀኝ ያጥፋል። በተረከዙ ሲመቱ የዱላው ራስ በግጭቱ ይዞራል፤ የራሱ መዞር ኳሷን በተቃራኒው ያሽከረክራታል። በጣቱ፣ ማለትም በፊቱ ሌላኛው ጫፍ በኩል ከተመታች ደግሞ ወደ ግራ ትታጠፋለች። የድራይቨር ፊት ከግራ ወደ ቀኝ በመጠኑ ጎበጥ ተደርጎ የሚሠራውም ይህን ለማካካስ ነው። ስለዚህ ፊቱና መንገዱ ፍጹም ተስማምተው እንኳ መሐሉን የሳተ ምት ይታጠፋል፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ የሌለ በሽታ ሲያክም ይውላል። ማሽኑን ከመከራየት በፊት ስፕሬዩን መግዛት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የኳሷ አቀማመጥም ከሚታሰበው በላይ ይሠራል። የዱላው ራስ የሚጓዘው በተጋደመ ክብ ላይ ነው። ወደ ታች እየወረደ ሳለ ወደ ውጭ፣ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ወደ ቀኝ፣ ይሄዳል፤ ዝቅተኛውን ነጥብ አልፎ ሲነሣ ወደ ግራ ይመለሳል። ፊቱም በመንገድ ላይ ሳያቋርጥ እየተዘጋ ነው። ኳሷን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ማስቀደም እንግዲህ መንገዱንም ፊቱንም ወደ ግራ ይወስዳል። ሰውየው ምንም አልቀየርኩም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የቀየረው የቆመበትን ነው።

ከታሪክ ቀጥ አድርጎ በመምታት ስማቸው የሚነሣ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ቤን ሆጋንና ሞ ኖርማን። ታይገር ዉድስ ምታቸውን በእውነት የራሳቸው ያደረጉ ሁለት ሰዎች ብሎ የጠራቸው እነዚህኑ ነው። የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ሆጋን በ1912 በቴክሳስ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ፕሮፌሽናል ሆኖ ለዓመታት ያሠቃየው ሁክ፣ ኳሷ ወደ ግራ ቆልመም ብላ የምትጠፋበት ምት ነበር። በግሉ የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ያገኘው በ1940 በፓይንኸርስት ነው። መፍትሔው ፊቱ እንዳይዘጋ ማድረግ ሆነ፦ የግራ እጁን አያያዝ ወደ ግራ አዞረ፣ ዱላው ሽቅብ ሲደርስም የግራ አንጓውን ወደ ኋላ አጠፍ አደረገ። በ1955 ላይፍ መጽሔት ይህን እንደ ምሥጢር አድርጎ አወጣው። ያኔ የሆጋን ኳስ ትንሽ ወደ ቀኝ የምትወድቅ ፌድ ሆና ነበር። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949 መኪናውን አውቶቡስ ገጭቶት ከሞት ተርፏል፤ በቀጣዩ ዓመት በሜሪየን የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ፤ በ1953 ማስተርስን፣ የአሜሪካን ኦፕንና ካርኑስቲ ላይ የተደረገውን ዘ ኦፕን በአንድ ዓመት ወሰደ። በዓለም እጅግ ትክክለኛ የተባለው ሰው ያሸንፍ የነበረው በምትታጠፍ ኳስ ነው። የምትታጠፍበት ወገን ግን አንድ ብቻ ነበር።

ኖርማን የካናዳ ኪችነር ልጅ ነው፣ በ1929 የተወለደ። የ1955ንና የ1956ን የካናዳ አማተር ሻምፒዮና ተከታትሎ ወሰደ፣ በካናዳ ከ50 በላይ ውድድሮችን አሸነፈ፣ በአሜሪካ ትልቁ መድረክ ላይ ግን ብዙ አልቆየም። አቋቋሙን ያዩ ይስቁ ነበር፦ እግሩ በጣም የተከፈተ፣ ክንዱ የተዘረጋ፣ ዱላው ከኳሷ ኋላ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ መሬት ላይ የተቀመጠ። ክንዱና ዱላው ከመጀመሪያው በአንድ መስመር ስለሆኑ፣ በምቱ ጊዜ ዱላው የሚመለሰው ወደ ተነሣበት መስመር ነው፤ ሌሎች ግን ሲጀምሩ እጃቸው ዝቅ ብሎ፣ ሲመቱ ከፍ ይላል። የፊቱ መዞርም በእሱ ዘንድ ዘገምተኛ ነው፤ ኳሷ ትንሽ ቀድማ ወይም ዘግይታ ብትመታ ፊቱ ብዙም አልተለወጠም። በካናዳ «ፓይፕላይን ሞ» ይሉት ነበር። ሳም ስኒድ ይህን ወንዝ ልታልፈው አትችልም ቢለው፣ የማነጣጥረው ወንዙን ሳይሆን ድልድዩን ነው ብሎ ኳሷን በድልድዩ ላይ አንከባለላት ይባላል። ልማዱን ያወቀ ታሪኩን ለማመን አይቸገርም፤ እኔ አምኜዋለሁ።

በ1995 ኳስ አምራቹ ታይትሊስት ለኖርማን በየወሩ 5,000 ዶላር እስከ ዕድሜ ልኩ ሊከፍለው ወሰነ። በ2004 ሞተ። አቋቋሙን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ፤ አቋቋሙን መቅዳት ይቻላል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ሲመታ የኖረውን ኳስ ቁጥር የሚቀዳ ግን አላየሁም።

በሳምንት አንዴ ለሚጫወት ሰው የምመርጠው የሆጋንን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሜዳው 30 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ቀጥ ብዬ እመታለሁ ብሎ መሐሉን ያነጣጠረ ሰው በግራም በቀኝም ያለው 15 ሜትር ነው፤ ጥፋቱ በየት በኩል እንደሚመጣም አያውቅም። ፌድ የሚመታ ሰው ግራውን ጠርዝ አነጣጥሮ ይጀምራል። ኳሷ ካልታጠፈች ጠርዙ ላይ ናት፣ በልኩ ከታጠፈች መሐል ናት፣ ከልኩ በላይ ከታጠፈች ቀኝ ጠርዝ ናት። 30ው ሜትር በሙሉ የእሱ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ፊቱን ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ፣ መንገዱን ከፊቱ ትንሽ ይበልጥ ወደ ግራ አድርጎ ያንን ልዩነት መጠበቅ ነው። ልዩነቱን ዜሮ ለማድረግ ከመልፋት ይቀላል። የፊቱ አንድ ዲግሪ በ230 ሜትር ላይ በመነሻው አቅጣጫ ብቻ ከ3 ሜትር በላይ ይወስዳል፤ መታጠፉ ገና ሳይጨመር። የባለሙያዎቹ ቁጥርም ቢሆን ዜሮ በዜሮ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

አደጋው አንድ ነው፣ እሱም ከባድ ነው። ፌድ አስቦ ወደ ግራ ያነጣጠረ ሰው እጁ ቸኩሎ ፊቱ ከመንገዱ በላይ ከተዘጋ፣ ኳሷ ግራ ተነሥታ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ተጫዋቾቹ ደብል ክሮስ ይሉታል። ግራው በኩል ከሜዳው ክልል ውጭ ከሆነ ደግሞ ደንቡ አይራራም፦ አንድ የቅጣት ምት ተቆጥሮበት፣ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሳይሄድ፣ ሦስተኛ ምቱን ከዚያው ከመነሻው ይመታል።